ከሸክላ እስከ ሚሞሪ፦ የፎገራ አድማጭና የገዛው ሙዚቃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራን ተሻግሮ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ወረታ ይደርስና ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ርብን አልፎ በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦርንና ጋይንትን አቋርጦ ወልድያ ይደርሳል። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳር የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው፤ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ድሮ በከብቱ ዛሬ ደግሞ በሩዙ የሚታወቅ ጥቁር መሬት። ወደዚህ ሜዳ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሙዚቃ በብዙ ዓይነት ዕቃ ተጭኖ ገብቷል፦ በሬዲዮ፣ በካሴት፣ በሲዲ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በመጨረሻም በስልክ መተግበሪያ። አንዳንዱ ሥር ሰደደ፣ አንዳንዱ ሳይለመድ ቀረ። ለዚህ ልዩነት በብዛት የሚሰጠው ምክንያት ዋጋ ነው፤ ሕዝቡ ርካሹን ይመርጣል፣ በነጻ ካገኘም አይከፍልም ይባላል። ታሪኩን ከመነሻው ተከትሎ ለሚያየው ግን ሌላ ምክንያት ጎልቶ ይወጣል። የፎገራ አድማጭ ገንዘቡን ሲሰጥ የኖረው፣ የገዛውን ዘፈን በእጁ በገባው በማንኛውም መሣሪያ እንዲያጫውት ለፈቀደለት ዕቃ ነው። ዘፈንን ከአንድ መሣሪያ ጋር ያሰረ ሻጭ በዚህ ሜዳ ገበያ አላገኘም። ዛሬ በዲጂታል መንገድ ሙዚቃ ለመሸጥ የሚደክሙ ወገኖቻችን ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ብዙ አለ፤ ሕጋዊው ገበያ ከሕገ ወጡ የሚበልጠው፣ ቢያንስ የሕገ ወጡን ያህል ነጻነት ለገዢው ሲሰጥ ነው።

ሙዚቃ ከሙዚቀኛው ተነጥሎ ከመሸጡ በፊት በበጌምድር ምድር የሚከፈለው ለአዝማሪው ነበር። ማሲንቆውን ይዞ ሰርግ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ይገባል፣ ግጥም ይቀበላል፣ ይሸለማል፤ ሲወጣ ዘፈኑም አብሮት ይወጣል። ይህን ትስስር ቀድመው ከበጠሱት መካከል ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በስም ይታወቃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሌሉበት ድምፃቸው ይሰማ ጀመር፤ የሚሰማው ግን የሸክላ ማጫወቻ ባለበት ቤት ብቻ ነበር፣ ያ ደግሞ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት ነው። ለአርባ ዓመታት ያህል ነገሩ ከዚህ ብዙም ፈቀቅ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ማኅበሩ ለኢትዮጵያ ሙዚቃና ቴአትር የዋለው ውለታ የማይካድ ነው፤ ሆኖም መብቱ በአንድ እጅ መያዙ ሸክላ የጥቂቶች ዕቃ ሆኖ እንዲቆይ አደረገ። የገጠሩ ሰው ከአዝማሪ ሌላ የሚያውቀው ሙዚቃ ሬዲዮ የሚያሰማውን ነበር። ሬዲዮ ደግሞ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ እረኛው ሜዳ ድረስ ይዞት ይወርዳል፤ ይሁንና የሚሰማውን የሚመርጥለት ጣቢያው ነው። አንድን ዘፈን ወዶ ደግሞ ልስማው ቢል መንገድ አልነበረውም።

ይህ የተለወጠው አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ፣ የማኅበሩን ብቸኛ መብት ተጋፍቶ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ነው። የመጀመሪያዎቹን የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈኖች ሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ረጃጅም አልበሞችን አወጣ። ፊሊፕስም በዚሁ ዘመን ያሳትም ነበር፤ ዓሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው ዓሊ አብደላ ኬይፋ ደግሞ በኬይፋ ሬከርድስ ተከተለ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ 500 ገደማ ነጠላ ሸክላዎችና 30 ገደማ አልበሞች ታተሙ። ዛሬ ዓለም ‹‹ኢትዮፒክስ›› በሚለው የፈረንሳይ የሲዲ ስብስብ አማካኝነት የሚያደንቀው ወርቃማ ዘመን ይህ ነው። ወርቃማው ዘመን ግን ለፎገራ ገበሬ ከሬዲዮው ሌላ እምብዛም ያመጣለት ነገር የለም። ምክንያቱ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሸክላ ይሰበራል፣ ይጫጫራል፤ ማጫወቻው የረጋ ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መርፌው ያልቃል፣ በአብዛኛውም ኮረንቲ ይሻል። መኪና ውስጥ አይሠራም፣ በበቅሎ ተጭኖ ቢሄድ አይተርፍም። ሸክላ የገዛ ሰው የገዛው ዘፈኑን ከቤቱ ማዕዘን ጋር ነው። ባሕር ዳር የተገዛ ሸክላ ናበጋ ቀበሌ ቢደርስ የሚያጫውተው አያገኝም።

ፎገራን ከተቀረጸ ሙዚቃ ጋር ያገናኘው ካሴት ነው። ለምን እንደተሳካለት ለመረዳት ከኢትዮጵያ ውጭ ወደ ተደረገ አንድ የንግድ ውሳኔ መሄድ ያስፈልጋል። የሆላንዱ ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። በዚያን ጊዜ ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን የቴፕ ዓይነት ይሞክሩ ነበር፤ የአንዱ በሌላው ማጫወቻ ውስጥ አይገባም። በ1965 ፊሊፕስ፣ ሶኒ ባደረገበት ግፊት ጭምር፣ ማንም አምራች የካሴቱን ልክ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በጃፓን የተሠራ ቴፕ በጀርመን የተሠራ ካሴትን፣ በሆንግ ኮንግ የተሠራ ቴፕም አዲስ አበባ የተቀዳን ካሴት ያለ ምንም ጥያቄ የሚያጫውት ሆነ። የካሴቱ ስፋትና የሪባኑ ፍጥነት በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር። በዚህ ውሳኔ ፊሊፕስ ከእያንዳንዱ ካሴት ሊያገኝ የሚችለውን ክፍያ አጣ፤ በምትኩ ዓለምን የሞላ ገበያ ተከፈተ፣ ራሱም የዚያ ገበያ ዋነኛ ሻጭ ሆነ። ይህ ከክርክሬ መሠረቶች አንዱ ነው። ዕቃውን ለማንኛውም መሣሪያ ክፍት ያደረገ ኩባንያ በኪሳራ አልወጣም።

በኢትዮጵያ ካሴት የገነነው ከአብዮቱ በኋላ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቅቆ ወጣ፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት የሌሊቱ ጭፈራ ቤት ተዳከመ፣ የሸክላ ኅትመትም በሰባዎቹ ማብቂያ ተቋረጠ። ሙዚቃ ቤቶች ግን በካሴት ቀጠሉ፤ ታንጎ፣ ኤሌክትራና አምባሰልን የመሳሰሉት የአልበሞችን ዕድል የሚወስኑ ስሞች ሆኑ። የኤፍሬም ታምሩ፣ የነዋይ ደበበና የአስቴር አወቀ ድምፅ፣ ከነሱም ጋር የእነይርጋ ዱባለ ማሲንቆ፣ በአውቶብስና በጭነት መኪና ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ። ወረታ የመንገድ መገንጠያ በመሆኗ የሾፌሩ ካሴት ሁሉ ያልፍባታል፤ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ ደግሞ ይህን መተላለፊያ ወደ ምሥራቅ አስረዘመው። እዚህ ላይ የካሴቱ ጉዞ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንዲት ካሴት ጠዋት በመኪና ቴፕ ትጫወታለች፣ ቀን ሻይ ቤት ትውላለች፣ ማታ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ገበሬ ቤት ታመሻለች። ሪባኑ ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፣ ሲበጠስ በፕላስተር ይቀጠላል። ቴፑ ቢበላሽ ካሴቱ አይሞትም፤ የጎረቤት ቴፕ አለ። ለሰርግ ካሴት መዋዋስም ሆነ ለልጅ ማውረስ ሻጩን ማስፈቀድ አይጠይቅም ነበር። በደርግ ዘመን የተጀመረው የሩዝ እርሻ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በሜዳው ሲስፋፋና የመከር ገንዘብ ሲገባ፣ ቴፕ ሪከርደር ከቆርቆሮ ቤት ጋር ገበሬው ከሚመኛቸው ዕቃዎች አንዱ ሆነ። ሕዝቡ ለሙዚቃ አይከፍልም የሚለውን ወቀሳ ይህ ዘመን ብቻውን ያፈርሰዋል።

እርግጥ ካሴት ይገለበጥ ነበር። ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ያለው ሰው ባዶ ካሴት ገዝቶ የፈለገውን ይቀዳል፤ ትልልቆቹ ቀጂዎች ደግሞ ሽፋኑን ሳይቀር አስመስለው ለገበያ ያቀርባሉ። ድምፃውያንና አሳታሚዎች ለዓመታት አቤቱታ ያሰሙበትና የከሰሩበት ጉዳይ ነው፤ ጉዳታቸውንም ማቃለል አይገባም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት የሚመለከቱ አንቀጾች ቢኖሩም ለድምፃዊውና ለአሳታሚው የሚበቃ ጥበቃ አልነበረም። ክፍተቱን የሞላው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲሻሻልም የመብት ባለቤቶች በማኅበር ሆነው ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተበጀ። ከዚህ አዋጅ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ድንጋጌ አለ። ለሕዝብ የቀረበን ሥራ አንድ ግለሰብ ለግል መጠቀሚያው ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ፣ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። ለኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ለመጻሕፍትና ለሌሎች ሥራዎች የተለዩ ገደቦች አሉት፤ የሥራውን መደበኛ ገበያ የሚጎዳ ቅጂም አይፈቀድም። መንፈሱ ግን ግልጽ ነው። ሕግ አውጪው ለንግድ የሚያባዛውን ከገዢው ለይቶ አይቷል፤ የመጀመሪያውን በወንጀል ሲጠይቅ ሁለተኛውን ለራሱ እንዲገለብጥ ተወው። በኋላ የመጣው ቴክኖሎጂ ይህን ልዩነት አጠፋው።

የዲጂታሉ ዘመን መነሻ ከአገራችን ውጭ ነው። ድምፅን አጭቆ የሚያሳንሰውን ስልት በዋነኛነት ያዳበሩት የጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ለፋይሉ ‹‹ኤምፒ3›› የሚለውን መጠሪያ የመረጡት በሐምሌ ወር 1995 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1998 ሪዮ የተባለች የኪስ ማጫወቻ ገበያ ስትወጣ የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ከሰሳት። በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በማኅበሩ ላይ ፈረደ፤ ሰው በእጁ ያለውን ሙዚቃ ከኮምፒውተሩ ወደ ኪስ ማጫወቻው ማሻገሩ የግል አጠቃቀም ነው አለ። አፕል በ2001 አይፖድን አወጣ፣ በሚያዝያ 2003 ደግሞ አንዱን ዘፈን በ99 ሳንቲም የሚሸጠውን የአይቲዩንስ መደብር ከፈተ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘፈናቸውን ለመደብሩ የሰጡት ፋይሉ ቁልፍ እንዲኖረው አስገድደው ነው። ፌርፕሌይ የተባለው ይህ ቁልፍ ዘፈኑን ከገዢው አካውንት ጋር ያስራል፤ ኮምፒውተሩ የተመዘገበ ካልሆነ ፋይሉ አይከፈትም፣ ከኪስ ማጫወቻዎች መካከልም የሚከፍተው አይፖድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በሬ ሸጦ ‹‹እኔ ባልኩህ ማሳ ላይ ብቻ እረስበት›› እንደሚል ነጋዴ ያለ ውል ነው። ብዙ ሰው ግን በጊዜው አልታወቀውም፤ መሣሪያው አዲስ፣ ዘፈኑም በእጁ ነበር። ማሰሪያው የሚታየው መሣሪያ የመቀየር ቀን ሲመጣ ነው።

ቀኑም መጣ። ማይክሮሶፍት ከ2004 ጀምሮ ‹‹በእርግጥ ያጫውታል›› የሚል ትርጉም ባለው ምልክት የበርካታ ኩባንያዎችን ማጫወቻዎችና መደብሮች በአንድ ቁልፍ ሥር ሰብስቦ ነበር። በ2006 የራሱን ማጫወቻ ዙንን ሲያወጣ ግን ዙን በዚያ ምልክት የተሸጡትን ዘፈኖች አላጫውት አለ። በ2008 የጸደይ ወራት ደግሞ፣ ቀድሞ የዘጋው የኤምኤስኤን ሙዚቃ መደብር ደንበኞች የቁልፍ አገልግሎቱ ሊቋረጥ መሆኑ ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር የቀየረ ሰው በሕጋዊ መንገድ ከፍሎ የገዛው ዘፈን አይከፈትለትም ማለት ነው። ተቃውሞው ሲበረታ ኩባንያው ቀነ ገደቡን አራዘመ። በዚህ መሃል የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በየካቲት 2007 ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ፣ አሳታሚዎቹ ቁልፉን ቢተዉ አፕል በደስታ እንደሚቀበል አስታወቀ። ዋነኛ ማስረጃው ቀላል ነበር፤ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ያለምንም ቁልፍ ሲዲ በገፍ እየሸጡ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ጥቂት ዘፈን ብቻ መቆለፍ ስርቆትን አያስቀርም። ከትልልቆቹ አሳታሚዎች አንዱ ኢኤምአይ በሚያዝያ 2007 ቁልፉን ተወ፣ አማዞን በመስከረም ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀመረ፣ በጥር 2009 አፕል ሁሉም ዘፈኖቹ ነጻ እንደሚሆኑ ገለጸ። ከዚያም ሽያጩ አልወደቀም፤ በየካቲት 2013 አይቲዩንስ የሸጣቸው ዘፈኖች 25 ቢሊዮን ደረሱ። በዓለም ትልቁ የሙዚቃ ገበያ ስድስት ዓመት ፈጅቶ የተማረው ትምህርት ይህ ነው።

በዚያው ጊዜ ወረታ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። ሲዲ ወደ ከተማው ቢገባም ወደ ገጠሩ አልዘለቀም፤ እንደ ሸክላው ኮረንቲና የማይናወጥ ቦታ ፈላጊ ስለሆነ ከዴክና ከቴሌቪዥን አልተለየም። ካሴትን የተካው የሞባይል ቀፎ ነው። በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ በ2000ዎቹ ገጠር ሲደርስ፣ ከቻይና የሚገቡና እንደ ቴክኖ ያሉ እዚሁ የሚገጣጠሙ ቀፎዎች ሁለት ሲም ካርድ፣ ጠንካራ ድምፅ ማጉያና የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ይዘው መጡ። ሚሞሪ ካርዱ 15 በ11 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ነገር ናት። ዘፈን የሚጭነው ሱቅ አሠራሩ በየከተማው ያው ነው። ደንበኛው ቀፎውን ይሰጣል፤ ባለሱቁ የጀርባውን ክዳን አንስቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ካርዷን ከሥሩ ይስብና በማንበቢያው ኮምፒውተር ላይ ይሰካታል። ‹‹የሰርግ ይሁን የትዝታ? ማሲንቆም ልጨምርልህ?›› ብሎ ይጠይቃል፤ አቃፊውን ይገለብጣል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። አምስት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በተለመደው ጥራት አምስት ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ባለ ሁለት ጊጋባይት ካርድ አራት መቶ ያህል ዘፈን ይችላል፤ ከሠላሳ ካሴት በላይ ማለት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የካርዷ መንቀሳቀስ ነው። ከቀፎው ወጥታ ካርድ ወደሚቀበል ሬዲዮ፣ ከሬዲዮው ወደ ባጃጁ ማጫወቻ፣ ከባጃጁ ወደ ሰርግ ቤት ስፒከር ትሄዳለች፤ ሁሉም ጋ ትከፈታለች። ካሴቱ የነበረውን ነጻነት ካርዷ ወረሰች።

ከካሴቱ ጋር ሲነጻጸር የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ ለድምፃዊው የሚደርሰው ምንም አልነበረም። ይህ ጥፋት ነው፣ ጥፋትነቱም አያከራክርም። ሊጠየቅ የሚገባው ግን በዚያን ጊዜ ሩዙን ሸጦ ወረታ የገባ ወጣት በሕጋዊ መንገድ ምን መግዛት ይችል ነበር የሚለው ነው። ካሴት ከገበያ እየወጣ ነበር፤ ሲዲ ቢገዛ ቀፎው አይቀበለውም። የአፕል መደብር ለኢትዮጵያ አልተከፈተም፣ የአገሬው የባንክ ካርድም ከውጭ መደብር አያስገዛም ነበር። የቴዲ አፍሮ ‹‹ኢትዮጵያ›› አልበም በ2009 ዓ.ም. ሲወጣ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ፋይሉን በደቂቃ ገዝቶ በስልኩም በመኪናውም ያጫውተው ነበር። ያው አልበም ፎገራ ውስጥ በሕጋዊ መልኩ ሲዲ ብቻ ነበር ማለት ይቀርባል። እንግዲህ ዘፈን የሚጭነው ሱቅ የሞላው ክፍተት የዋጋ አልነበረም። ደንበኛው ይከፍል ነበር፤ ለዘፈን ጫኚው፣ ለካርዷ፣ ስልኩን በሶላር ቻርጅ ለሚያደርግለት ሁሉ ይከፍላል። ለድምፃዊው የሚከፍልበት መስኮት ግን አልተከፈተለትም።

መስኮቱን ለመክፈት ከተደረጉት ሙከራዎች ትልቁ ክብር የሚገባው አውታር ነው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ፣ ድምፃዊው ኃይሌ ሩትስና ባልደረቦቻቸው በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ይህ መተግበሪያ የዘፈኑን ዋጋ ከሞባይል ሒሳብ ላይ በመቁረጥ፣ የባንክ ካርድ የሌለውንም ሰው ገዢ አደረገው። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ቢያርፍም ሐሳቡ አልቀረም፤ ሰዋስውን የመሰሉ ተከታዮች መጡ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ አነስተኛ ክፍያን የበለጠ አቀለለው። ከሙያው ከራሱ የወጡ ሰዎች በገዛ ጉልበታቸው ያቋቋሙት በመሆኑ ጥረቱ ሊመሰገን ይገባል። ችግሩ አንድ ነው። ስርቆትን ለመከላከል ሲባል የተገዛው ዘፈን እዚያው መተግበሪያ ውስጥ እንዲደመጥ ተደረገ። ይህ ስማርት ስልክ ላለው የከተማ ወጣት ላያስቸግር ይችላል። ተራ ቀፎ ለያዘው፣ በባጃጁ ፍላሽ ለሚያጫውተው፣ በሰርግ ቤት ስፒከር ላይ ካርድ ለሚሰካው ግን የተገዛው ዘፈን ካልተገዛው ያነሰ አገልግሎት ይሰጣል። አፕልና አሳታሚዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የሄዱበትን መንገድ እኛ በ2011 ዓ.ም. እንደ አዲስ ጀመርነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ቦታ መቋረጡ ለወራት ቆየ። በዚያ ጊዜ የሕዝቡ መከራ ከሙዚቃ እጅግ የከበደ እንደነበር ግልጽ ነው። ለያዝነው ጉዳይ ግን የማይታለፍ ማስረጃ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልግ አገልግሎት ሁሉ ጸጥ ሲል በሚሞሪ ላይ ያለው ዘፈን አልተነካም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሲጥለቀለቅ፣ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው ወረታ መድረስ ራሱ ፈተና ነው፤ በእጁ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚያገለግለው። ዘመኑ የስትሪሚንግ ነው፣ የፋይል ነገር አብቅቶለታል የሚሉ ወገኖች ክርክር እዚህ ላይ ይሰናከላል። በወር እየከፈሉ ማድመጥ መጥፎ አይደለም፤ ኔትወርኩ አስተማማኝ፣ ጥቅሉም ርካሽ ለሆነለት ሰው ጥሩ አገልግሎት ነው። ይሁን እንጂ ኪራይ ነው፤ ኪራይ መሆኑም ለደንበኛው ይነገረው። ‹‹ግዛ›› ተብሎ የተሸጠ ዘፈን ግን ኔትወርክ ቢጠፋም፣ ስልክ ቢቀየርም፣ ድርጅቱ ቢዘጋም ከገዢው ጋር መቅረት አለበት።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ከሙዚቀኞቹ የሚመጣው ነው። ፋይሉ ያለ ቁልፍ ከተሸጠ አንዱ ይገዛል፣ ሺው በቴሌግራምና በብሉቱዝ ይቀባበለዋል፣ እኛም ባዶ እጃችንን እንቀራለን ይላሉ። ስጋቱ ከልምድ የመጣ ስለሆነ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። አንደኛ፣ ቁልፉ ይህን አላስቆመም። አንድ ዘፈን በአንድ መንገድ ብቻ ከቁልፍ ካመለጠ ለሁሉም ይደርሳል፤ ከስፒከር ላይ በሌላ ስልክ መቅዳት እንኳ ይበቃል። ስለዚህ ቁልፉ የሚያስቸግረው የከፈለውን ሰው ብቻ ነው፤ ያልከፈለው የያዘው ፋይል ቁልፍ የለውም። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ከተነሳ በኋላም ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2013 በድምሩ 25 ቢሊዮን የደረሰው የዘፈን ሽያጭ ቁልፍን መተው ገበያን እንደማይገድል አሳይቷል። እርግጥ ያ ገበያ የእኛ አይደለም፤ የገቢው መጠንም፣ የሕግ ማስከበሩም ይለያያል። የእኛው የካሴት ዘመን ግን የቅርብ ምስክር ነው። ካሴት በቀላሉ እየተገለበጠም ሙዚቃ ቤቶችንና ድምፃውያንን ከሃያ ዓመት በላይ አኑሯል፤ ሕጋዊው ካሴት በየከተማው ሱቅ ይገኝ ነበርና። ሦስተኛ፣ ሕጉ ራሱ የሚያሳድደው ለንግድ የሚያባዛውን ነው፤ ገዢውን ትቶ ወደ ነጋዴው መዞርም የሕጉን መንፈስ መከተል ነው።

ወደ ነጋዴው መዞር ሲባል ግን ሱቁን ማሸግ ብቻ ማለት አይደለም። ዘፈን የሚጭነው ባለሱቅ የፎገራን ገበያ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የትኛው ቀፎ ምን ዓይነት ፋይል እንደሚከፍት፣ ከመከር በኋላ ምን እንደሚፈለግ፣ ለሰርግ ወራት ምን እንደሚዘጋጅ የሚያውቀው እሱ ነው። በካሴቱ ዘመን የክፍለ ሀገር ቸርቻሪ የነበረውን ቦታ ዛሬ የያዘው እሱ ነውና ፈቃድ ያለው ሻጭ ማድረግ ይቻላል። ድምፃውያን በማኅበር ሆነው ክፍያ የሚሰበስቡበት ሕጋዊ መሠረት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ አነስተኛ ክፍያ በቴሌብር ወዲያው ይተላለፋል። ባለሱቁ ከማኅበሩ ጥራቱ የተረጋገጠ ፋይል ይቀበል፣ ለጫነው ልክ ይክፈል፣ ትርፉን ይያዝ፤ ደንበኛውም በካርዱ ላይ በኤምፒ3 የገባለትን ዘፈን በፈለገው ዕቃ ያጫውት። የኤምፒ3 የባለቤትነት መብቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ስላበቁ ለፎርማቱ የሚከፈል ነገር የለም፤ የማይከፍተው ቀፎም የለም ማለት ይቻላል። አውታርና ተከታዮቹም ከመተግበሪያው ጎን ‹‹ፋይሉን ውሰድ›› የሚል አማራጭ ቢጨምሩ ደንበኛቸውን አያጡም፤ እስካሁን ያልደረሱበትን ይደርሱበታል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1965 ካሴቱን ለሁሉም ክፍት ሲያደርግ፣ አፕልም እ.ኤ.አ. በ2009 ቁልፉን ሲያነሳ ያገኙት ይህንኑ ነው። የፎገራ ገበሬ በሬዲዮው ዘመን ምርጫ፣ በሸክላው ዘመን መሣሪያ አጥቶ ነበር፤ በካሴት ሁለቱንም አገኘ፣ ገንዘቡንም አልሰሰተም። አሁን ከድምፃውያኑና ከሻጮቹ የሚጠበቀው ያንኑ ውል በዲጂታሉ ዘመን ማደስ ነው፦ ድምፃዊው ይከፈለው፣ የገዛውም ባሻው መሣሪያ ያጫውት።